ዘጠኝ ክኒኖች

ያን ዓመት ዝናቡ አራት ወር አልቆመም። ጎዳናው ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ሳይደፈን ቀረ። ከጎዳናው ማዶ ያለው የክር ፋብሪካ ሠራተኞቹን በተነ። ታናሽ እህቴ በሳል ሁለት ወር ተኝታ ተነሣች። ጣሪያችን በሁለት በኩል አፈሰሰ፤ በአንደኛው ሥር ባልዲ፣ በሌላኛው ሥር ድስት ተቀመጠ። ፀጉሩን የሚቆረጥ ሰው ቀነሰ፤ ጢሙንም ሁሉም በየቤቱ መላጨት ጀመረ። አባቴ ቆሞ መተኛት የጀመረው በዚያ ክረምት ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር። አሁን ሰባ ሞልቶኛል። ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለሚስቴም ቢሆን።

አባቴ ፀጉር ቆራጭ ነበር። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ምላጭ የሚሳልበት የቆዳ ጠፍር፣ ተራ ለሚጠብቅ ደግሞ አንድ አግዳሚ። ከወንበሮቹ የአንዱ ራስ ማስደገፊያ ተሰብሯል። እንቅልፉ ሲመጣ አባቴ እዚያኛው ላይ ይቀመጥ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን እስኪቀመጥ አይጠብቀውም። መቀሱ ከሰውየው ራስ አልፎ አየሩን ሲቆርጥ አይቻለሁ። ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው፤ ጣቶቹ ይሠራሉ፤ እሱ የለም።

"ጭምቱ! ኧረ ጭምቱ! ጆሮዬን ተውልኝ፤ ያለኝ አንድ ጥንድ ብቻ ነው!" ይላል ደንበኛው። አግዳሚው ላይ ያሉት ይስቃሉ።

ጭምቱ የአባቴ ቅጽል ስም ነው። ስለማይስቅ ነው ያወጡለት። ፀጉር ቤት ወሬና ቀልድ የሚፈላበት ቦታ ነው፤ እሱ ግን ቀልድ ሲጀመር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ወይም የወንበሩን ጀርባ ጨብጦ ዓይኑን ይጨፍናል።

የእኔ ቅጽል ስም ደግሞ ገደል ማሚቶ ነበር። የሰው ድምፅና አካሄድ አስመስል ነበርና። የአስተማሪያችንን ሳል፣ የቧንቧ ቆፋሪዎቹን አለቃ እርግማን፣ የመጋዘኑን ኃላፊ የከበሮን አተነፋፈስ እችልበታለሁ። ከበሮ ያሉት በሆዱ ነው። እሱን መስዬ ስሠራው ራሱ ከበሮ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እናቴ ማማሰያዋን ይዛ ትስቃለች። እህቴ ከነሳሏ ትስቃለች። አባቴ አይስቅም። እኔ ስጀምር ከንፈሩን ይነክሳል። አንዳንዴ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ይቆማል። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጥርሱ ብልጭ ሲል አየሁና ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። ወዲያው አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ፤ ክንዱም እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠለጠለ። እኔን ላለመስማት የተኛ መሰለኝ። እንደሚጠላኝ ያን ቀን እርግጠኛ ሆንኩ።

የአንድ ደንበኛ ጆሮ በመቀስ ከተጫረ በኋላ እናቴ ክሊኒክ ወሰደችው። ትምህርት ስላልነበረ እኔም ተከተልኩ። ኮሪደሩ ውስጥ አስቀመጡኝ። የሐኪሟ በር በእርጥበት አብጦ አይገጥምም ነበር። በክፍተቱ ግማሽ ጠረጴዛና አንድ እጇን አያለሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሠላሳ አልሞላትም። "በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚወስድዎት?" አለችው።

"እኔ ምኑን አውቄው" አለ አባቴ።

"አሥራ አንድ ጊዜ" አለች እናቴ። "ግድግዳ ላይ በከሰል እየሰረዝኩ ቆጥሬዋለሁ። ዶክተር፣ ሰው ጠጥቶ ነው ይላል። በአፉ አይዞርም እኮ!"

"አምናለሁ። ስካር አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። አንጎል ሰውን ነቅቶ የሚያቆይበት ነገር አለው፤ የእርሳቸው አንሷል። የእንቅልፍ ሕመም ነው። ስም ያለው ሕመም ነው።"

እናቴ አለቀሰች። አባዬ ሊሞት ነው ብዬ አግዳሚውን ጨበጥኩ። ባሏ ሰካራም አለመሆኑን የሚመሰክርላት ሰው በማግኘቷ እንዳለቀሰች የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀችው። የአባቴ መልስ አልተሰማኝም። ረጅም ነበር። አባቴ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። በመጨረሻ የእሷ ድምፅ መጣ።

"እንግዲያው መድኃኒቱ እስኪስተካከል ድረስ፣ ምላጭ በያዙ ሰዓት ልጅዎ ሱቅ ባይገባ ይሻላል።"

"ለምን እንደሆነ እንንገረው?" አለች እናቴ።

"አይነገረውም" አለ አባቴ።

በክፍተቱ የማያትን ያችን አንድ እጅ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጠላኋት። ከአባቴ ሱቅ ያስወጣችኝ እሷ ናት አልኩ።

መድኃኒቱን የጻፈችው በተለየ ወረቀት ነው። ቁጥር አለው፤ በካርቦን ሦስት ቅጂ ይወጣዋል። እየጻፈች ታስረዳቸው ነበር።

"ይህ የሚያነቃ ክኒን ነው። ልብን ያፈጥናል፤ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። ስለዚህ ለሳምንት በግማሽ እንጀምራለን። ከዚያ ጠዋት አንድ፣ እኩለ ቀን አንድ። ከዚያ ወዲያ የለም፤ አለዚያ የሌሊት እንቅልፍዎን ይነሣዎታል። የልብ ምትዎንና የደም ግፊትዎን በየወሩ አያለሁ። ክኒኑ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ብልቃጡን ይዘው ይመጣሉ፤ የቀረውን እኔው ራሴ እቆጥራለሁ። በዚህ ወረቀት እንድጽፍ እዚህ የተፈቀደልኝ እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ነገር ከጎደለ ፈቃዱን ይነጥቁኛል፤ እርስዎም መድኃኒቱን ያጣሉ።"

"አይጎድልም" አለ አባቴ።

ዝናቡ ሲያበቃ አባቴ ነቃ። ሌላ ቃል የለኝም። የእናቴ የከሰል ሰረዝ ከአሥራ አንድ ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ አራት፣ በሦስተኛው ወር ወደ ሁለት ወረደ። ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ጀመረ። ለእህቴ ተረት ይጀምርላት ነበር፤ ሁልጊዜ መሐል ላይ እንቅልፍ ወስዶት ይቀራል። አሁን ይጨርሰዋል። እህቴ መጨረሻውን ስትሰማ ተናደደች። ለካ ራሷ የፈጠረችው መጨረሻ ይበልጥባት ነበር። ደንበኛውም ተመለሰ። ከበሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይላጫል። እናቴ አባቴን ከኋላው ቆማ ስታየው የነበረውን አስተያየት አልረሳውም። አዲስ ሰው ቤቷ የገባ ይመስል ነበር።

አሁንም ግን አይስቅም። ከሱቁም እንደተከለከልኩ ነኝ።

በወሩ በወሩ ክሊኒክ አብሬው እሄዳለሁ። ሐኪሟ ክንዱን አስራ ግፊቱን ትለካለች፣ ልቡን ታዳምጣለች፤ ከዚያ ክኒኖቹን ብረት ትሪ ላይ ትገለብጣለች። በጠፍጣፋ ቢላዋ አምስት አምስት እያደረገች ወደ ዳር ትገፋቸዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ስትፈልግ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ትሰቅልና ወዲያው ትረሳዋለች። ከዚያ ፍለጋ ይጀመራል። ወረቀት ታነሣለች፣ መሳቢያ ትከፍታለች፣ ኪሷን ትዳብሳለች። "አሁን እዚህ ነበር እኮ!" ትላለች። አባቴ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እኔ ሁሉንም አጠናሁ፤ ከጥላቻ የተነሣ አንድም አላመለጠኝም።

በአራተኛው ወር አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በጓሮ መግባት ትቼ በሱቁ በኩል ገባሁ። ከበሮ ወንበሩ ላይ ተንጋሏል፤ ፊቱ በሳሙና አረፋ ነጥቷል። አግዳሚው ላይ ልብስ ሰፊውና አናጢው ተቀምጠዋል። አባቴ ምላጭ ይዟል።

"ገደል ማሚቶ!" አለ ከበሮ ዓይኑን ሳይገልጥ። በእግሬ ኮቴ አውቆኛል። "የት ጠፋህ? አንተ ከቀረህ ወዲህ እዚህ የምንመጣው ለመላጨት ሳይሆን ለኀዘን ነው።"

"ልጄ፣ ወደ ቤት ግባ" አለ አባቴ።

"ተወው እንጂ ጭምቱ! አንዴ ብቻ! ምን አዲስ ነገር አለህ?"

"ግባ አልኩህ" አለ አባቴ። ድምፁ የልመና ድምፅ ነበር። እኔ የቁጣ መሰለኝ።

ዛሬ ይህን ሰው በሳቅ እጥለዋለሁ አልኩ በልቤ። በእነዚሁ ቃላት።

ከልብስ ሰፊው ኪስ አንድ እፍኝ የሸሚዝ ቁልፍ ወሰድኩ። የሳሙናውን ቆርቆሮ ክዳን ትሪ አደረግኩት፣ ማበጠሪያውን ቢላዋ። አምስት አምስት ገፋሁ። ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። በሁለት ጣቶቼ መነጽር ሠርቼ ግንባሬ ላይ ሰቀልኩና ፍለጋዬን ጀመርኩ። አግዳሚው ሥር አየሁ። የአናጢውን ኪስ ዳበስኩ። የከበሮን ፎጣ ገልጬ "አሁን እዚህ ነበር እኮ!" አልኩ። ከዚያ የከበሮን ጆሮ ገለጥ አድርጌ ወደ ውስጥ አየሁ። "የአረፋው ብዛት! እዚህ እንኳን መነጽር፣ ሐኪሟ ራሷም ብትገባ አትገኝም!"

አናጢው አግዳሚውን በጡጫ ይመታል። የከበሮ ሆድ ይዘላል። አባቴም ሳቀ።

ሳቁን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ቀጭን ነበር፤ የሕፃን ስቅታ ይመስላል። ደስታዬ ግን ሁለት ሴኮንድ አልቆየም። ጉልበቱ ከዳው። እርጥብ ልብስ ከገመድ ላይ ተንሸራቶ እንደሚወድቅ ወረደ። ምላጩ ከከበሮ ጆሮ ሥር ጀምሮ እስከ አገጩ አብሮት ወረደ። አረፋው ቀላ።

አባቴ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ እኔን ያያል። ከንፈሩ ገና እየሳቀ ነበር። እጁን ሊያነሣ ይሞክራል፤ እጁ አይታዘዝም። የሞተ መሰለኝ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ የከበሮን ቁስል በፎጣ ያዘ።

ከበሮ አሥራ አንድ ስፌት ተሰፋ፤ አልሞተም። ወሬው ግን ከተማውን አዳረሰ። የሚያነቃው ክኒን አሳበደው ተባለ። ሐኪሟ ለምላጭ ያዥ ሰው እብደት ጻፈችለት ተባለ።

በሦስተኛው ቀን የጤና ቢሮ መርማሪ ቤታችን መጣ፤ ፋርማሲስቱንና ሐኪሟን አስከትሏል። በምግብ ጠረጴዛችን ዙሪያ ተቀመጡ። እኔ ከእናቴ ጎን ቆሜያለሁ።

"ያዩት ሁሉ የሚሉት አንድ ነው" አለ መርማሪው። "ሳቀ፤ ወደቀ። ጤነኛ ሰው ስቆ ይወድቃል? ይህ ክኒኑ ነው።"

"ክኒኑ አይደለም" አለች ሐኪሟ። "ሕመሙ ራሱ ነው። ይህ የእንቅልፍ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሳቅ ሲይዛቸው ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። አእምሯቸው ግን ንቁ ነው፤ ሁሉን ይሰማሉ። በመዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ። መጠየቅ ያለበት ምን ያህል ዋጠ ሳይሆን፣ ምላጭ በያዘበት ሰዓት ማን አሳቀው የሚለው ነው።"

አባቴ እጆቹን ያያል።

ማን አሳቀው? ጥያቄው ወደ እኔ እየመጣ ነበር። ሲመጣ አየሁት።

"ክኒን በዛ አድርጎ ሲውጥ አይቼዋለሁ" አልኩ።

እናቴ ትከሻዬን ያዘች። "ምን አልክ?"

"ያን ቀን ጠዋት። በእፍኙ።"

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ብልቃጡ የት ነው? ሂድ አምጣው።"

ብልቃጡ ጓዳ ውስጥ ከመደርደሪያው ጫፍ ነው። በርጩማ ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ውስጡ ያለውን አየሁት፤ ለእኔ ውሸት በጣም ብዙ ነበር። እናቴ ልብስ የዘፈዘፈችበት ገንዳ እግሬ ሥር ነው። ክዳኑን ከፈትኩና አንድ በአንድ ጣልኳቸው። ዘጠኝ። ለምን ዘጠኝ ላይ እንዳቆምኩ አላውቅም። አረፋው ላይ ለአፍታ ተንሳፍፈው ሰመጡ። ፈራሁና እጄን አስገብቼ አማሰልኩት።

ፋርማሲስቱ ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ቆጠረ። አምስት። አሥር። አለቀ።

"አሥራ ዘጠኝ መሆን ነበረበት" አለ።

ሐኪሟ ራሷ ደግማ ቆጠረች። ያን ዕለት መነጽሯን ወደ ግንባሯ አልሰቀለችም። "አይሆንም" አለች። "በአደጋው ማግሥት ልቡን አዳምጫለሁ። ዘጠኝ ክኒን በአንድ ጊዜ የዋጠ ሰው ልብ እንደዚያ አይመታም።"

አባቴ ብልቃጡን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ፊቴን ግን አልነበረም። የቀኝ እጅጌዬን ነው ያየው። እስከ ክርኔ ርሶ ነበር፤ አረፋ ይዟል።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ። "ወስጄዋለሁ።"

"መቼ?" አለች ሐኪሟ። "እንዴት አድርገው?"

"ወስጄዋለሁ አልኩ እኮ።"

"ይኸው፣ ራሱ አመነ" አለ መርማሪው፤ ጻፈም።

እኔ ምን አሰብኩ? እንቅልፋም ስለሆነ ምን እንደዋጠ አያስታውስም፣ እግዜር አወጣኝ ብዬ አሰብኩ። ይህንን ሳልሸራርፍ መጻፍ አለብኝ። ያን ዕለት ራቴን በልቼ ደህና ተኛሁ።

ክኒኑ ቆመ። ሐኪሟ በዚያ ወረቀት የመጻፍ ፈቃዷን ተነጠቀችና ወደ ሌላ ክሊኒክ ተዛወረች። የከሰሉ ሰረዝ በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ላይ ተመለሰ። እናቴ አንድ ቀን ግድግዳውን በኖራ ቀባችውና መቁጠሯን ተወች። ከልብስ ሰፊው ቁልፍ የሚተከልበት ልብስ እየተቀበለች ትሠራ ጀመር። አባቴ ምላጩን ሸጠው። የልጆች ፀጉር ብቻ በመቀስ ይቆርጥ ነበር፤ ቀስ በቀስ እነሱም ቀሩ። ለእህቴ የሚጀምራቸው ተረቶች እንደ ድሮው መሐል ላይ መቅረት ጀመሩ። የራስ ማስደገፊያው በተሰበረ ወንበር ላይ ዕድሜውን ተኛው።

እኔ ማስመሰል አቆምኩ። ሰው ገደል ማሚቶ ሲለኝ አልመልስም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ተውኩ። ከበሮ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ቀጠረኝ፤ ጠባሳውን እያየሁ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ሠራሁ። ጥሩ ሰው ነበር። "ልጅ እያለህ ጨዋታ ታውቅ ነበር፤ ምን ነካህ?" ይለኝ ነበር። ለእሱም አልነገርኩትም።

አባቴ የሞተው እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ሊሞት አካባቢ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሾርባ ሳጠጣው ድንገት፣ "ያችን ሐኪም እስቲ ሥራልኝ" አለኝ።

"የቷን ሐኪም?"

"መነጽሯን የምትፈልገውን። አሁን እኮ ምላጭ አልያዝኩም። ብወድቅም አልጋ ላይ ነው።"

"ረስቼዋለሁ አባዬ" አልኩት።

አልረሳሁም ነበር። ሾርባውን ጨረሰና ተኛ። በሳምንቱ ሞተ።

ዘንድሮ የልጄን ልጅ ክሊኒክ የምወስዳት እኔ ሆንኩ፤ እናቷ በሥራ ትውላለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ብልህ ናት፤ ግን ልቧ አንድ ቦታ አያርፍም። አንድ መስመር ሦስት ጊዜ ታነባለች። ጫማዋን አንዱን ትምህርት ቤት ትታ ትመጣለች። ወጣቱ ሐኪም ሁለት ወር ሙሉ አያት፣ አስተማሪዋን አነጋገረ፣ ልቧን መረመረ፤ ከዚያ ባለቁጥሩን ወረቀት አወጣ። ወረቀቱን በሩቁ አወቅኩት።

"ቁልፍ ያለው ሳጥን አለዎት አባቴ?" አለኝ። "ክኒኑን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። ቆጥረው ይሰጧታል፤ የቀረውንም ቆጥረው ያመጡልኛል።"

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣሁም። ሐኪሙ አየና ጤናዬን ጠየቀኝ። ደህና ነኝ አልኩት። በዚህ ወረቀት መጻፍ ከተጀመረ ቆይቷል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

"ኦሆ! ሕፃን ሆኜ የማውቃቸው ሐኪም አሉ፤ እሳቸው ናቸው እዚህ የጀመሩት። ነጥቀዋቸው ነበር አሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መለሱላቸው። አሁን ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ቤታቸው ከአሮጌው ክሊኒክ ጀርባ ነው።"

ክኒኑን ከክሊኒኩ ፋርማሲ ተቀብዬ በቀጥታ ወደ እሳቸው ቤት ሄድኩ። ቤቴ ከገባሁ እንደማልወጣ አውቃለሁ። ልጅቷ እጄን ይዛ እየዘለለች ትከተለኛለች።

በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ልጅ ሆኜ በልቤ አንቺ እላቸው ነበር፤ ያውም በስድብ። አሁን አንገቴን ደፋሁ።

"ማን ልበል?" አሉ።

"የፀጉር ቆራጩ ልጅ ነኝ። የጭምቱ።"

ቀረብ ብለው ፊቴን አዩ። "ገደል ማሚቶ" አሉ በመጨረሻ። "ግባ።"

ለልጅቷ ብስኩት ሰጧት። እኔ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ተናገርኩት፤ ስድሳ ዓመት የያዝኩት ነገር ሲወጣ አንድ አረፍተ ነገር ነበር።

"ዘጠኙን ክኒን አባቴ አልዋጠውም፤ እኔ ነኝ የልብስ ገንዳ ውስጥ የጨመርኩት።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ያውቃሉ?"

"ያን ዕለት አላወቅኩም። ክኒኑ የት እንደገባ ሳላውቅ ማደር አቅቶኝ በሳምንቱ ተመልሼ መጣሁ። አባትህ የእጅጌህን ነገር ነገረኝ። ለቢሮው እንናገር፣ ፈቃዴም ይመለሳል፣ መድኃኒትዎም ይመለሳል፤ ለመውደቁም ሌላ መድኃኒት አዝዤልዎታለሁ፣ እየመጣ ነው አልኩት። ለመንኩት። 'ልጄን በአሥር ዓመቱ ውሸታም አሰኝቼ የምነቃው ንቃት ይቅርብኝ' አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ።" ቀና ብለው አዩኝ። "አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ። ጠብቄህ ነበር እኮ። ሃያ ዓመት ሲሆንህ ትመጣለህ ብዬ፣ ሠላሳ ሲሆንህ ትመጣለህ ብዬ።"

ወለሉን አየሁ።

"ሱቅ እንዳትገባ ያልኩት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ስለሚጠላኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ደግሞ ቀልደኛ ስለሆንኩ መሰለኝ።"

"ማን ሲያስቅዎት ነው የሚወድቁት ብዬ ጠየቅኩት። 'የሌላው ቀልድ ከንፈሬን ከነከስኩ ያልፋል፤ የልጄን ግን አልችለውም' አለ። የሠራሃቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ተረከልኝ፤ አስተማሪህን፣ ቆፋሪውን፣ ወፍራሙን ሰውዬ። ሁለቴ ከወንበሩ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። ይነገረው ስትል እናትህ፣ እምቢ አለ። ካወቀ ፈርቶ ይተወዋል ብሎ።"

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ያልሰማሁት ያ ረጅም መልስ ይህ ነበር።

ተቀመጥኩ። ልጅቷ ብስኩቷን ትታ ታየኛለች።

"ለመሆኑ" አሉ ሐኪሟ፣ "ያን ዕለት ማንን ሠርተህ ነው የጣልከው?"

"ይተዉት።"

"ማንን?"

"እርስዎን።"

"እኔን!" አሉ። ከዚያ ጠረጴዛውን አጸዱና፣ "አሳየኝ" አሉ።

"አርጅቻለሁ፤ አልችልም።"

"እኔስ ወጣት ነኝ? ለማየት ያለኝ ጊዜ አጭር ነው።"

"አባባ፣ አሳያቸው!" አለች ልጅቷ።

ብልቃጡን ከኪሴ አወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ሠርቼ አላውቅም፤ አባቴ ለምኖኝ እንኳ። የብስኩቱን ሳህን ጠርጌ ክኒኖቹን ገለበጥኩ። በቅቤ ቢላዋ አምስት አምስት እያደረግኩ ገፋሁ። ከንፈሬ ራሱ ተንቀሳቀሰ። አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ እስከ ሠላሳ። አንድም አልጎደለም። የራሴን መነጽር ግንባሬ ላይ ሰቀልኩ። ከዚያ ተነሥቼ ፍለጋ ጀመርኩ፤ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገለጥኩ፣ ኪሴን ዳበስኩ፣ የልጅቷን ጆሮ ወደ ውስጥ አየሁ። "አሁን እዚህ ነበር እኮ!" አልኩ። ከጉሮሮዬ የወጣው ድምፅ የዚያች ወጣት ሴት ድምፅ ነበር። ራሴን አስደነገጠኝ።

ልጅቷ ከወንበሯ እስክትንሸራተት ሳቀች። ሐኪሟ መጀመሪያ አልሳቁም። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ግንባራቸው ወጣ፤ መነጽራቸው እዚያው ነበር። ሳቃቸው ያኔ መጣ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ። እኔ ፈርቼ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"አይዞህ፣ እኔ አልወድቅም" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ወንበራቸውን አስተካከሉና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

"በል ድገመው። ይኼኛው የአባትህ ነው።"

ክኒኖቹን ሰብስቤ እንደገና ገለበጥኳቸው።